ቢጫ በቀዩ ላይ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለጠጠሬ፣

ሰላምታዬ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስሽ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬንም ተይው፤ ሠላሳ ዓመት ምድጃ ሲጮኽበት ኖሮ አሁን ዕረፍት ወጥቷል። ባለፈው ስልክ ደውለሽ የጮኽሽውን ጎረቤቶቼ ሁሉ ሰምተዋል፣ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ በደብዳቤ መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ።

ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ በጣቱ ጫፍ ድንጋይ የሚፈልጥበት፣ የሚያቀልጥበት፣ መጥረቢያና ፓምፕ የሚሠራበት ጌም አላችሁ። አሁን ድንጋዩም ማዕድኑም ቅይጡም እንደ እውነተኛው ይሁን ትያለሽ። ድንጋይ ዳቦ በነበረ ጊዜ እኛ እውነተኛውን ተሸክመን ወገባችን ተቆረጠ፤ ለእናንተ ደግሞ ክብደት የሌለውን እንድትሸከሙ ቢሮ ተከፈተላችሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ግን ደስ ብሎኛል፤ የአቅላጭነት ሙያዬን የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ።

ወደ ቁም ነገሩ። የመዳብ ድንጋይ በምን ይታወቃል ላልሽው፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ አንዳንዱም ሰማያዊ ነው። ወርቅ መስሎ የሚያታልለው ድንጋይ በመዶሻ ሲመታ ይሰበርና ድኝ ድኝ ይሸታል። ወርቅ ግን ይጠፈጠፋል እንጂ አይሰበርም። ይህን አስገቢው፤ የቸኮለ ተጫዋች ቦርሳውን በእሱ ሞልቶ ይፈር። ቆርቆሮ የሚወጣበት ድንጋይ ጥቁር ነው፣ ስታነሺው ከመጠኑ በላይ ይከብድሻል። ቆርቆሮ ስል የጣሪያውን ሳይሆን ለስላሳውን ነጭ ብረት ነው። ከመዳቡ ዘጠኝ እጅ፣ ከእሱ አንድ እጅ፤ ነሐስ ይህ ነው። ቆርቆሮውን ካበዛሽው እንደ ደወል ይጮኻል፣ እንደ ሸክላም ይሰበራል።

የቀረውን በቃሌ ከምጽፍልሽ የሥራ ደብተሬን ልኬልሻለሁ። ዘይት የጠጣ ገጽ ታገኛለሽ፣ እንዳትቀየሚኝ።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ አባትሽ ብቻውን መሆኑ ያሳስበኝ ነበር። አንቺ ጋ መግባቱን ስሰማ ቀለለኝ። ጉልበቱ እንዴት ነው? ሰላምታዬን ንገሪልኝ። ብትረሺውም ግድ የለም።

አጎትሽ

ጥቅምት 19

ለተከበሩ ጋሼ፣

ደብተሩ ደርሶኛል። ቢሮ ውስጥ ስከፍተው የጭሱ ሽታ ክፍሉን ሞላውና አንዱ ባልደረባዬ ተነሥቶ የኮምፒውተሮቹን ሽቦ መፈተሽ ጀመረ። እንዴት ከረሙ? ጆሮዎን ሐኪም ይየው ብል እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ አልጨቀጭቅዎትም።

ከደብተሩ በፊት ጌማችን ውስጥ አንድ ግራጫ ድንጋይ፣ አንድ ቡናማ ድንጋይና «ብረት» የሚባል ነገር ብቻ ነበር። አሁን ግራናይት፣ ባዛልትና የኖራ ድንጋይ ገብተዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ጥንካሬና የራሱ ስብራት አለው። ማዕድኑ ሃያ ሦስት፣ ቅይጡ አሥራ አንድ ደርሷል። ያ ድኝ ድኝ የሚሸተው ድንጋይማ አለቃዬን ራሱን ሁለት ጊዜ አታሎታል።

ስለ አባባ የጠየቁኝን ልመልስ። ጉልበቱ ደረጃ አይወድም እንጂ ደህና ነው። ቀን ቀን ብቻውን ከሚውል ብዬ ቢሮ ይዤው እመጣለሁ። ማውሱን መጀመሪያ ሲይዝ የጋለ ብረት የያዘ ይመስል ነበር፤ አሁን ከእጁ የሚቀማው የለም። አሸዋ ጠቅጥቆ የቀለጠው የሚፈስበትን የዕቃውን ቅርጽ፣ ሞልዱን፣ የማውጣቱን ክፍል የሚሞክርልን እሱ ነው። «እርጥበቱ የማይታወቅ አሸዋ ምኑ አሸዋ ነው?» ብሎ አለቃዬን ስላፋጠጠው የእርጥበት መለኪያ ጨመርን። በአሸዋ ነገር ቀልድ እንደማያውቅ እርስዎ አብረውት ስለሠሩ ያውቁታል። ኮምፒውተር ላይ እንኳ ሦስት ጊዜ ያደርቃል። ሌላው አንዴ አድርቆ አሥር ዕቃ ሲያወጣ እሱ ገና አሸዋው ላይ ነው።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ለሌላ ሰው አልተናገርኩትም። መጀመሪያ ቢሮ ሳስገባው «አባቴ ነው፣ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነው» ብዬ አስተዋወቅኩት። አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ውስጥ «የእርጥቡ ልጅ» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ነበር የምመኘው፤ ያ ነገር እስካሁን አልለቀቀኝም መሰለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቢሮ ስንገባ ዓይኑን ማየት ይከብደኛል።

ሰላምታዎን ነግሬዋለሁ። «እሱም ሰላም ይሁን» ብሎ ወደ አሸዋው ተመለሰ።

ጠጠር

ኅዳር 2

ጠጠሬ፣

በመዘግየቴ ይቅር በይኝ። እስክሪብቶዬ አልቆ ነበር ልልሽ አስቤ ነበር፤ እስክሪብቶው ግን ሙሉ ነው። ዝም ብዬ ነው የዘገየሁት።

በኋላ ለብቻዋ የላክሻት ካርድ ደርሳኛለች። ደብተሩ ውስጥ ሌላው ሁሉ በዝርዝር ተጽፎ ሳለ፣ አንዱ ገጽ ላይ «ቢጫ በቀዩ ላይ በፍጹም» የሚል ብቻ ማግኘትሽ ገርሞሻል። ሦስት ጊዜ ስለተሰመረበትም ጠይቀሻል። ነገሩ ቀላል ነው። ቀዩ መዳብና ቆርቆሮ የሆነው ነሐስ ነው። ቢጫው መዳብ ላይ አሉሚኒየም የገባበት ነው። ሁለቱም ለየብቻቸው ጨዋ ናቸው። ለማቅለጫ የሚሰበሰበው አሮጌ ውዳቂያቸው ግን አቧራና ዘይት ሲሸፍነው መንታ ይመስላል። አንድ እፍኝ ቢጫ፣ ቀዩ የሚቀልጥበት ድስት ውስጥ ከገባ ዕቃው ከላይ አምሮ ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳ ይበላል፤ ውሃም ሆነ እንፋሎት ይይዛል ብለሽ እንዳትመኚ። ስለዚህ እያንዳንዱን ውዳቂ በሞረድ ጫር አድርጎ ቀለሙን ማየት ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ግን ጌሙ ውስጥ አታስገቢው። ይበዛል። ለጨዋታ የመጣን ሰው በዚህ ሁሉ ማሰቃየት ደግ አይደለም። ይልቅ ስለ እርሳስ ልንገርሽ። እርሳስ ከመዳብ ጋር አይዋሃድም፤ ተኳርፈው አንድ ቤት እንደሚኖሩ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ኩርፊያው ግን ጥቅም አለው፤ የሚሽከረከር ዕቃ ሲሆን እርሳሱ ያለሰልሰዋል። እንዲህ ያለውን አስገቢ፣ ሰውንም ያስቀዋል።

አባትሽን መሐንዲስ ማለትሽ ክፋት የለበትም። እኔ ካየኋቸው መሐንዲሶች እሱ ይሻላል። ሦስት ጊዜ ማድረቁን ግን ተው በይው። ለምን ይደክማል?

የዚያን መስመር ነገር እርሺው።

አጎትሽ

ኅዳር 11

ለጋሼ፣

እንደምን ነዎት? ከደብዳቤዎ በኋላ ካርድም ልከዋል። ካርዱ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ እርስዎ ያለ ሰላምታ ሲጽፉ አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። መልሱ አዎ ነው፤ የቢጫውንና የቀዩን ነገር ጌሙ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ካስገባሁት በኋላ ነው።

ደግሞም ከሁሉም አምሮ የወጣው እሱ ነው። ተጫዋቹ ውዳቂ ሲሰበስብ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ሞረድ ካሳረፈበት ቀለሙ ይለያል። ካላሳረፈ ዕቃው አምሮ ይወጣና ሥራ ላይ ይፈነዳል። ከዚያ ዕቃውን ለሁለት ቆርጦ ውስጡን ማየት ይችላል። እርጥብ አሸዋም ቀዳዳ እንደሚያመጣ አባባ ነግሮኛል፤ ደብተርዎ እንደሚያሳየው የአሸዋው ቀዳዳ ክብና ለስላሳ ነው፣ በቢጫ የመጣው ግን በመሃሉ የተጨማደደ ስስ ቆዳ ይጋደምበታል። እርስዎ ከዚያ መስመር ጀርባ የተቆረጠ ቫልቭ በእርሳስ ሥለው ስለነበር እንዳለ ገለበጥኩት። ላላወቀ ሰው ሁለቱ ይመሳሰላሉ።

ባለፈው ሐሙስ ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ ትቼ ሻይ ልቀዳ ሄድኩ። ስመለስ አባባ ፊቱን አስጠግቶ ቆሟል።

«ይህን ቫልቭ ከየት አገኘሽው?» አለኝ።

«የትኛውን?»

«የእኔን።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ አወራኝ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ለጨርቅ ፋብሪካ ቦይለር ስለተሠራው ቫልቭ፣ ፈንድቶ የቦይለሩን ሠራተኛ ክንድ ስላቃጠለው፣ ኮሚቴው ቆርጦ ሲያየው ውስጡ ቀዳዳ ብቻ ስለመሆኑ፣ «እርጥብ አሸዋ ነው» ስለመባሉ። ሥራውን አጥቶ «እርጥቡ» የሚል ስም እንዳተረፈ ሲነግረኝ ሊስቅ ሞከረ። እኔ ጋ እስኪመጣ ድረስም ቅዳሜ ቅዳሜ ያ ሰውዬ ቤት ይቅርታ ለመጠየቅ ይሄድ እንደነበር ያኔ ሰማሁ። እኛ ቤት ቅዳሜ ገበያ ሄደ ነበር የሚባለው።

ሥዕሉ የአሸዋ ሳይሆን የቢጫው መሆኑን ልነግረው ስል ተውኩት። «አዎ፣ የእርጥብ አሸዋ ነው» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁት ሳልረዳ ነው የዋሸሁት። በኋላ ደብተሩን አየሁ፤ ከመስመሩ ሥር ያለው ቀን አባባ ከሥራ የወጣበት ሳምንት ነው።

ጋሼ፣ ያን ቀን ምድጃው ላይ የነበረው ማን ነው?

ጠጠር

ኅዳር 18

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ያን ቀን ማን እንደነበር አላስታውስም፤ ብዙ ሰው ነበርን፣ ተራም እንቀያየር ነበር። ቀኑም ደብተር ላይ የሚጻፍ ቀን ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ብርዱ በርትቷል፣ ራስሽን ጠብቂ።

አጎትሽ

ኅዳር 20

ጠጠሬ፣

የትናንት በስቲያው ደብዳቤ ውሸት ነው። በማግሥቱ ፖስታ ቤት ሄጄ መልሱልኝ ብላቸው «ሳጥን የገባ አይወጣም» አሉኝ። ስለዚህ ሁለቱን ተከታትለው ታገኛቸዋለሽ። ያኛውን አትቅደጂው፤ እንዲህም ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እወቂ።

እኔ ነበርኩ።

ያን ጠዋት ቀይ ውዳቂ ጎድሎን ነበር። በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ወድቆ ያገኘሁትን አሮጌ ዕቃ አነሣሁ። ዘይት ሸፍኖታል። ሞረዱ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ አላወጣሁትም። ሠራተኛው ሁሉ «የእሱ ዓይን ሞረድ ነው» ይለኝ ነበር፤ ሙገሳው አሳብጦኝ ነበር። ድስቱ ውስጥ ጨመርኩት። ሲቀልጥ ላዩ ላይ ወተት ላይ እንደሚያርፍ ስልባቦት ያለ ቆዳ ያዘ። ቀይ ነሐስ ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ያኔ አወቅኩ። በኋላ ሳይሆን ያኔውኑ ነው ያወቅኩት፤ ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ድስቱን መድፋት ነበረብኝ። ድስት የሚደፋ አቅላጭ ግን መሳለቂያ ነው፤ ወሬውም ከእሱ በፊት ቤቱ ይደርሳል። አባትሽ ሞልዱን ዘግቶ፣ ክብደት ጭኖበት፣ «ዝግጁ ነው» ብሎ እጁን አነሣልኝ። ቆዳውን በጭልፋ ገፋ አድርጌ ቀዳሁለት።

ቫልቩ ሲቆረጥም ቆሜ ነበር። ሰብሳቢው «እርጥብ አሸዋ ነው» ሲል አባትሽ ወደ እኔ ዞረ። «ምናልባት ይሆናል፣ ጠዋት ዝናብ ነበር» አለ። ከእኔ አንድ ቃል ነበር የሚጠብቀው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ዝንቡን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው ኖርኩ። በወሩ ዋና አቅላጭ ተደረግኩ። እህቴ እንኳን ደስ ያለህ ልትለኝ ስትመጣ በጓሮ በር ወጣሁ።

መስመሩን የጻፍኩት እሱ ዕቃውን በካርቶን ይዞ የወጣ ዕለት ነው። አንድ ቦታ ላይ እውነቱን ካልጻፍኩት የማብድ መሰለኝ። ረስቼው ነው ደብተሩን የላክሁልሽ ብልሽ እኔም ራሴን አላምነው። ምናልባት ሌላ ሰው እንዲያገኘው ፈልጌ ይሆናል፤ ይህም አንዱ ፍርሃቴ ነው።

አፍራለሁ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ። እባክሽን አትንገሪው፤ እኔ እነግረዋለሁ። እስከዚያ መስመሩን አውጪልኝ።

አጎትሽ

ኅዳር 29

ለጋሼ፣

ሰላምታ አልጻፍኩም። ሳምንት ሙሉ እየጀመርኩ ተውኩት። ተናድጄ «አንተ» ብዬ ልጽፍልዎት ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ነገርሽው ወይ እያሉ በካርድ ደጋግመው ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው። አልነገርኩትም። መስመሩንም አላወጣሁም፤ አባባ በሚጫወትበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ደብቄዋለሁ። በየቀኑ አጠገቡ ተቀምጬ እዋሸዋለሁ። የእርስዎን ሥራ ተረክቤያለሁ ማለት ነው።

የባሰው ግን ይህ ነው። አለቃዬ ለአዲሱ እትም አጫጭር ትምህርቶች ፈለገ፤ ለእያንዳንዱ የሥራ ስህተት አንድ ትምህርት፣ በሰው ድምፅ። የአሸዋውን ማን ይናገር ሲባል አባባ እጁን አወጣ። ባልደረቦቼ ሁሉ ፊት ቆመና «እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ ልጄ ለክብሬ ብላ ነው። ሞልድ ሠሪ ነበርኩ። እርጥቡ ነው የሚሉኝ» አለ። እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር። ከዚያ ድምፁን ቀዱት። እንዲህ ይላል፦ «አሸዋዬ እርጥብ ነበር። ቫልቩ ፈነዳ፣ የሰው ክንድ ተቃጠለ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እናንተ አድርቁ።» ለትምህርቱ «የእርጥቡ ስህተት» የሚል ስም ሰጡት፣ እሱም ፈቀደ። «ከስሜ አንድ ጥቅም ይውጣ» አለ። ሁሉም አጨበጨበለት። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆየሁ።

ጌሙ ታኅሣሥ 25 ይለቀቃል። ተመዝግቦ የሚጠብቀው አርባ ሺህ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ አባቴን አርባ ሺህ ሰው በዚያ ስም ያውቀዋል፣ ያውም በራሱ አንደበት። ትምህርቱን መሰረዝ እችላለሁ፤ ለምን ሰረዝሽው ሲለኝ ግን የምመልሰው የለኝም። ቀኑ ሳይደርስ ይንገሩት።

ጠጠር

ታኅሣሥ 10

ጠጠሬ፣

ምን ይጠብቃሉ ላልሽኝ የምመልሰው ያሳፍራል። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩ። ባለፈው ማክሰኞ ወደ እናንተ ልመጣ ልብሴን ቀይሬ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ቲኬት ቆርጬ ተሳፈርኩ፣ መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። ረዳቱ በሩን ሲዘጋ «ዕቃ ረሳሁ» ብዬ ወረድኩ። የረሳሁት ዕቃ የለም። አውቶቡሱ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ኪሴን እየዳበስኩ ቆምኩ፣ ሰው ካየኝ ብዬ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ይህን ተረት ወጣቶቹን አቅላጮች ስቆጣ ነበር የምለው።

አንቺ ብትነግሪው አይሻልም? ልጁ ነሽ፣ ካንቺ ሲሰማው ይቀለዋል። እኔን ከዚያ በኋላ ያሻውን ይበለኝ።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 14

ለጋሼ፣

አይሆንም። እኔ ከነገርኩት አባባ የሚያጽናናው እኔን ነው፤ ጠባዩን ያውቁታል። ያኔም እርስዎ ዝም ብለው ሌላ ሰው እንዲናገርልዎት አድርገው ነበር። አሁን ራስዎ ይናገሩ። አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል።

ጠጠር

ታኅሣሥ 19

ጠጠሬ፣

በዚህ ውስጥ ያለው የታሸገ ፖስታ የአባትሽ ነው። ሳትከፍቺ ስጪው።

እንዴት አቃተዎት ብለሽኝ ነበር። ያቃተኝ በሰላምታው ምክንያት ነው። ይድረስ ለምወድህ እላለሁ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ እላለሁ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ አየሩ፣ ስለ እህቴ መቃብር እጽፋለሁ፣ ወረቀቱ ያልቃል። አራተኛው ላይ ይህን አየሁትና አፈርኩ። በዚህኛው የመጀመሪያው መስመር «አሸዋህ ደረቅ ነበር» የሚል ነው። እሱን ከጻፍኩ በኋላ የቀረው ከባድ አልነበረም። ሰላምታው መጨረሻ ላይ አለ፣ ከደረሰበት።

ሲያነብ አትዪው። ሰው እያየው ፊቱን ማስተካከል ይወዳል።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 23

ለጋሼ፣

ሰጥቼዋለሁ። አትዪው ስላሉኝ ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ፤ ድምፅ ግን ይሰማል። መነጽሩን ሲፈልግ ሰማሁት፣ ዓይኑ ላይ እንደነበረ አውቃለሁ። ከዚያ ወረቀቱ ብቻ። ብዙ ቆየ።

ጠርቶኝ «ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«ከኅዳር ጀምሮ» አልኩት።

ለሁለት ቀን አላናገረኝም፣ እኔም የሚገባኝን አገኘሁ ብዬ ተቀበልኩት። ዛሬ ጠዋት ኮቱን ለብሶ በር ላይ ጠበቀኝና «ቢሮ እንሂድ» አለ። ትምህርቱን ልሰርዘው ወይ ስለው «እኔ ራሴ የማደርገው አለ» ብሎ ሄደ።

ምን አለ፣ ተቆጣ ወይ፣ አለቀሰ ወይ ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። አልነግርዎትም፤ እሱ ይጽፍልዎታል።

ጠጠር

ታኅሣሥ 28

ለሚስቴ ወንድም፣

ይህ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ልጄ አላየችውም። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያን ሁሉ ጽፈህ ደህና እንደማትሆን አውቃለሁ።

ተናደድክብኝ ወይ ላልከው፣ አዎ። በውዳቂው አልተናደድኩም። የተሳሳተ ውዳቂ አንሥቶ የማያውቅ አቅላጭ የለም። የተናደድኩት ቆዳውን ገፍቼ ቀዳሁልህ በሚለው ነው። እጄን ያነሣሁልህ አምኜህ ነበር። ከዚያ በኋላ በኮሚቴው ፊት ዞሬ ሳይህም አምኜህ ነበር፤ ዝም ስትል «ሊያሳፍረኝ አልፈለገም» ብዬ በልቤ አመሰገንኩህ። ይህን ሳስታውስ ፊቴ ይግላል። የማፍረው ለምን እኔ እንደሆንኩ አላውቅም።

የጌሙን ነገር ማወቅህ ካልቀረ፣ ሳይለቀቅ በፊት ድምፄን እንደገና ቀዳሁ። ስለ ቢጫውና ስለ ቀዩ፣ ስለ ሞረዱ፣ ስለሚይዘው ቆዳ ተናገርኩ። «ቆዳ ካያችሁ ድስቱን ድፉት፤ የሚስቅባችሁ ይሳቅ» አልኳቸው። የድሮው ርዕስ ተሰርዟል። ልጄ ያንተን ስም ታስገባ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ከልክያታለሁ። ላንተ አዝኜ እንዳይመስልህ። በአንዲት ቀን ጥፋት ዕድሜ ልክ መጠራት ምን እንደሆነ ስለማውቅ ለማንም አልሰጠውም።

አንድ ነገር ትሠራለህ። መጀመሪያ ክንዱ ወደተቃጠለው ሰውዬ ቤት ትሄዳለህ። ቅዳሜ ጠዋት አይጠፋም። የነገርከኝን እንዳለ ንገረው፣ አታሳጥረው። እሱ ከብዙ ዓመት በፊት ይቅር ብሎኛል፤ ልጆቹን ጠርቶ «ይህ አጎታችሁ ነው» ብሏቸዋል። ያ ይቅርታ የእኔ አልነበረም፤ አሁን ምን እንደማደርገው ግራ ገብቶኛል።

ከዚያ ስለ እህትህ ልንገርህ። እሷ አንድ ቀን እንኳ አላመነችም። «እጅህን አውቀዋለሁ፣ ያንተ አሸዋ አይደለም» ትለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲፈርድብኝ እሷ ብቻ ቆማ ተሟገተችልኝ። እኔ ግን ሥራዬን አጥቼ፣ ስሜን አጥቼ፣ የቀረችኝ ክብር ጥፋቴን እንደ ወንድ ተቀብያለሁ የምትለዋ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ልትወስድብኝ የመጣች መሰለኝ። ጮኽኩባት። ሁለተኛ ይህን ነገር አፍሽ ላይ እንዳላገኘው አልኳት። እውነት የነበራትን ሴት ዝም አሰኘኋት፣ እሷም እስክትሞት ድረስ ቃል አልተነፈሰችም። ይህን ያደረግከው አንተ ነህ፣ የጮኽኩት ግን እኔ ነኝ።

ይቅርታ ልጠይቃት ብል የለችም። አንተ የምትጠይቀው ሰው ገና በሕይወት አለ። ሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ፤ ማክሰኞ ና።